ወንበር በማዕረግ አይታደል፦ ለዩኒቨርሲቲያችን አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት፣ ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ለግዢና ንብረት ክፍል፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች በሙሉ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እዚህ ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ከሚውለው ሠራተኛ መካከል አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ወገቡን ወይም እጁን የማያመው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ የምናወራው ይሄንኑ ነው። አንዱ ማታ ጣቱ እየደነዘዘ ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ሌላዋ አንገቷን ወደ ቀኝ ማዞር አቅቷት መላ ሰውነቷን ታዞራለች፣ ሌላው ደግሞ ከወንበሩ ሲነሳ ወገቡን ይዞ ትንሽ ካልቆመ አይራመድም። ስብሰባ ላይ ግን ይህ ነገር አንድም ቀን አጀንዳ ሆኖ አያውቅም።

በቃል ስንናገር የምናገኘው መልስ የተለመደ ነው። «ዕድሜ ነው» ይባላል። «ስፖርት ሥሩ» ይባላል። አንዳንዴም «ቁጭ ብሎ መሥራት ደግሞ ምን ይከብዳል?» ይባላል፣ ይቺኛዋ በጣም ነው የምታበሳጨው። ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ አዳዲስ ሠራተኞች እኮ እኛ የሚያመንን ቦታ ነው የሚያማቸው! ዕድሜ ቢሆን ኖሮ እነሱን ምን አገኛቸው? ሁላችንንም የሚያገናኘን የተቀመጥንበት ወንበርና የምንሠራበት አሠራር ነው። ስለዚህ ነው በጽሑፍ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጌ የጻፍኩት፤ ሕመሙ የሥራ ጉዳይ ነውና እንደ ሥራ ጉዳይ ያዙት ለማለት።

ቁጭ ብሎ መሥራት ምን እንደሚከብድ ላስረዳ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ብሎ አንገት ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ይሸከመዋል፣ ወደ ስክሪን አዘንብሎ ሲውል ግን ከኋላ ጎትተው የሚይዙት የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻ ደግሞ ሲኮማተርና ሲፈታ ነው ደም በደንብ የሚዳረሰው። ሳይፈታ ለሰዓታት ተወጥሮ ከቆየ፣ ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ይደክማል፣ ይቆጣል፣ ቀስ በቀስም የማይለቅ ሕመም ይሆናል። በዘርፉ ያሉ ተመራማሪዎች ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ይሄ ነው፦ ለቀላል ሥራ ሰውነታችን መጀመሪያ የሚቀሰቅሳቸው የተወሰኑ ትንንሽ የጡንቻ ክሮች አሉ፣ እነሱም ሥራው እስኪያልቅ ዕረፍት አያገኙም። ማውዝ መያዝ ከባድ ሥራ አይደለም። ችግሩ እነዚያው ክሮች ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ተተኪ መሥራታቸው ነው። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ዕቃ ያላነሳ ሰው ማታ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተጭኖበት የዋለ ያህል የሚሰማው።

ወገብም የራሱ ታሪክ አለው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች በአብዛኛው የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም። ምግባቸውን የሚያገኙት በዙሪያቸው ካለው አካል በስርገት ነው፣ ለዚያ ደግሞ እንቅስቃሴ ይረዳል። በአንድ አቀማመጥ ደርቆ መዋል ወገብን የሚጎዳው፣ አቀማመጡ «ትክክል» ቢሆንም እንኳ ነው። ይሄን አስምሩበት፤ ጥሩ ወንበር ገዝቶ ሰውን እሱ ላይ ስምንት ሰዓት ማስቀመጥም መፍትሔ አይሆንም።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1713 ስለ ጸሐፊዎች ሕመም ሲጽፍ ሦስት ምክንያቶችን አስቀምጧል፦ ያለማቋረጥ መቀመጥ፣ እጅን ደጋግሞ በአንድ ዓይነት መንገድ ማንቀሳቀስ፣ ላለመሳሳት ሲባል የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት። ይህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆነው። ኮምፒውተር አልነበረም፣ ኪቦርድ አልነበረም። ግን አሁን የተማሪ ውጤት ስናስገባ የምንሆነውን ቁጭ አድርጎ ጽፎታል።

ከእኛ ክፍል አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በዓይኔ የማየው ስለሆነ። መዝገብ የምትሠራ ባልደረባዬ ወንበሯ ማንሻው ከተበላሸ ቆይቷል። ጠዋት ከፍ ታደርገዋለች፣ እስከ ረፋድ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ጠረጴዛው ደረቷ ጋ ይደርስና ሁለቱን ትከሻዎቿን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ ትተይባለች። መልሳ ታነሳዋለች፣ መልሶ ይሰምጣል። በመጨረሻ ስትሰለች ሁለት ወፍራም የዶክመንት ማህደር አነባብራ እሱ ላይ ትቀመጣለች፣ ያን ጊዜ ደግሞ እግሯ መሬት አይነካም። እግር ተንጠልጥሎ ሲውል የወንበሩ ጠርዝ ጭኗን ከሥር ይጫናታል፣ እሷም ወደ ፊት ተንሸራታ ጠርዙ ላይ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋ ከመደገፊያው ይርቃል። አንድ የተበላሸ ማንሻ ነው ከአንገት እስከ እግር ያመሰቃቀላት። ጥያቄ አቅርባለች። «በጀት ሲለቀቅ» ተብላለች።

እዚያው ሕንፃ ላይ ግን ሁሉ ነገሩ የሚስተካከል፣ የወገብ ድጋፍ ያለው፣ ክንዱ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር አለ። ያለው ግን ቀኑን በስብሰባ የሚያሳልፉ ኃላፊዎች ቢሮ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ሰዓት ማንም አይቀመጥበትም። ይሄን የምለው ማንንም ለማስቀየም አይደለም፣ እነሱም ራሳቸው መርጠው አላመጡትም። አሠራሩ ነው እንዲህ የሆነው። ወንበር የሚታደለው በማዕረግ ነው፤ ከፍ ያለ የሥራ መደብ፣ ከፍ ያለ መደገፊያ። የምለምናችሁ ይሄ እንዲገለበጥ ነው። መለኪያው ሰውየው በቀን ስንት ሰዓት ተቀምጦ ይተይባል የሚለው ይሁን። በዚህ ሚዛን ከሄድን መጀመሪያ የሚደርሳቸው የሬጅስትራር ዳታ አስገቢዎች፣ የፋይናንስ ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሠራተኞችና የአይሲቲ ልጆች ናቸው።

ግዢ ክፍሎች፣ እናንተን በተለይ ላናግር። የጨረታ ዝርዝር መግለጫ ስታዘጋጁ «የቢሮ ወንበር፣ ጥቁር፣ ተሽከርካሪ» ብቻ እየተባለ ከተጻፈ የሚመጣውም ጥቁርና ተሽከርካሪ የሆነ ማንኛውም ነገር ነው። ቁመቱ የሚስተካከል፣ የታችኛውን ጀርባ የሚደግፍ፣ ስንቀመጥ በጉልበታችን ከኋላና በመቀመጫው ጠርዝ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት የሚተው፣ ክንድ ማሳረፊያው ጠረጴዛው ሥር የሚገባ ይሁን። ማሳረፊያው ካልገባ ሰውየው ከጠረጴዛው ርቆ እጁን ዘርግቶ ነው የሚሠራው። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ናሙና አምጡና አጭርም ረጅምም፣ ቀጭንም ወፍራምም ሰው ይቀመጥበት። ጠረጴዛዎቻችን ቁመታቸው 73 ወይም 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ይህ አጠር ላለ ሰው በጣም ከፍ ያለ ነው። የሚጎዱት ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለእነሱ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ከእግር ሥር ማሳረፊያ መስጠት ይበቃል፣ ጠንካራ ጣውላም ቢሆን ይሠራል።

ስለ ላፕቶፕም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም አሁን መምህራኑም እኛም ወደ ላፕቶፕ እየዞርን ነው። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ስለሆኑ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ትክክል ማድረግ አይቻልም። ለእጅ ከተመቸ አንገት ይጎብጣል፣ ለአንገት ከተመቸ እጅ ይሰቀላል። ላፕቶፕ ለቋሚ ሥራ ስትሰጡ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውዝ አብራችሁ ስጡ፣ ማቆሚያውን እኛ በወረቀት ጥቅልም ቢሆን እናበጀዋለን። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ርቀቱም እጅ ተዘርግቶ የሚደርስበት አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት ዓይነት መስተዋት ያለው መነጽር የሚያደርጉ ባልደረቦቻችን ግን በታችኛው መስተዋት ለማየት አገጫቸውን ወደ ላይ ስለሚያነሱ፣ ለእነሱ ስክሪኑ የበለጠ ዝቅ ማለት አለበት። ለሁሉም አንድ ልክ የለም፣ ለዚህ ነው በየጠረጴዛው ዞሮ የሚያይ ሰው የሚያስፈልገው።

ማውዝንም አትርሱ። ቁጥር የማያስገባ ሠራተኛ ሁሉ በስተቀኝ የቁጥር ቁልፎች ያሉት ረጅም ኪቦርድ ይሰጠዋል፣ በዚያ ምክንያት ማውዙ ወደ ውጭ ይርቃል፣ ክንዱም ቀኑን ሙሉ ተዘርግቶ ይውላል። አጠር ያለ ኪቦርድ ብቻውን ትከሻን ያሳርፋል።

አሁን ደግሞ ከዕቃው ወደ አሠራሩ ልሂድ፣ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። የውጤት ማስገቢያ ሰሞን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። መምህሩ በወረቀት ይሞላል፣ ከዚያ ኤክሴል ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ሲስተሙ ላይ ያስገባል፣ እኛ ደግሞ ያንኑ አትመን ከሲስተሙ ጋር አንድ በአንድ እናመሳክራለን፣ ስህተት ከተገኘ ቅጽ ተሞልቶ ተፈርሞ እንደገና ይገባል። አንድ ቁጥር ስንት ጊዜ በሰው ጣት ያልፋል? ሲስተሙ ከኤክሴል ፋይል በቀጥታ ቢቀበል ኖሮ የዚህ ሁሉ ጠቅታ አብዛኛው አይኖርም ነበር። አንድን ሥራ ለጤና የተመቸ ለማድረግ ከወንበርም ከማውዝም በፊት መጠየቅ ያለበት «ይሄ ትየባ ጭራሽ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ነው። የአይሲቲ ክፍሉ ይሄን መሥራት ይችላል፣ ልጆቹ ራሳቸው ነግረውናል። የሚጎድለው «ሥሩት» የሚል ደብዳቤ ነው።

ሰሞኑ ደግሞ በጭንቀት የተሞላ ነው። የጊዜ ገደቡ ከላይ ይወርዳል፣ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል፣ ተማሪ በር ላይ ተሰልፏል። ሰው ሲጨነቅ ሳያውቀው ትከሻውን ይወጥራል፣ መንጋጋውን ይነክሳል፣ ማውዙን አጥብቆ ይይዛል። በሥራው ላይ ውሳኔ የሌለውና ጫና የበዛበት ሠራተኛ የአንገትና የወገብ ሕመም እንደሚበዛበት ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ የጊዜ ገደብ ስታወጡ ሥራውን የሚሠራውን ክፍል ጠይቁ። ሁሉም ፋኩልቲ በአንድ ቀን ከሚዘጋ ተራ በተራ ቢዘጋ ምን ይጎዳል?

ዕረፍትም አለ። ከወንበሩ የተነሳ ሠራተኛ ሥራ የፈታ የሚመስላቸው አለቆች አሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ ሁለት ደቂቃ መንጠራራት፣ ፋይል ቆሞ ማንበብ፣ ኢሜይል ከመጻፍ ጎረቤት ቢሮ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ ይሄ ሁሉ የሥራው አካል ተደርጎ ይቆጠር። አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ዕረፍት ከአንድ ረጅም ዕረፍት ይልቅ ለጡንቻ ይጠቅማል። ይሄን በጽሑፍ አሳውቁልን፣ ካልተጻፈ ማንም ደፍሮ አይነሳም።

«ስፖርት ሥሩ» ለምትሉን፣ ልክ ናችሁ፣ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት ተደጋጋሚ የአንገትና የትከሻ ሕመም ያለባቸውን የቢሮ ሠራተኞች ወስዶ፣ በሳምንት አምስት ቀን በመለጠጫ ላስቲክ ትከሻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ለ10 ሳምንት አሠርቷቸዋል። ከፊሎቹ በቀን 12 ደቂቃ፣ ከፊሎቹ በቀን 2 ደቂቃ ብቻ ነበር የሠሩት። ሁለቱም ቡድኖች ካልሠሩት ይልቅ ሕመማቸው ቀንሷል። ሁለት ደቂቃ! ስለዚህ «ሥሩ» ብቻ አትበሉን፣ ከሥራ ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ ስጡን፣ ላስቲኩንም አምጡልን፣ የስፖርት ሳይንስ ክፍሉም መጥቶ አንዴ ያሳየን።

ለባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል፣ ደብዳቤው ለአስተዳደሩ ቢሆንም እናንተም ስለምታነቡት። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣትም ግማሹ እየደነዘዘ ማታ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ፣ እጃችሁን ስታራግፉት ደግሞ ቀለል የሚላችሁ ከሆነ፣ የእጅ አንጓ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጠባብ መሿለኪያ ነርቩ ከዘጠኝ ጅማቶች ጋር ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። መንስኤው ሁልጊዜ ኮምፒውተር ነው አይባልም፣ ስኳር፣ እርግዝናና የታይሮይድ ችግርም ያመጡታል፣ ስለዚህ በግምት አትቀመጡ፣ ቶሎ ታዩት። ማስታገሻ እየዋጡ ወራት ማሳለፍ አይበጅም። የወገብ ሕመም ይዟችሁ ደግሞ እግር ከዛለ፣ በመቀመጫና በጭን መሃል ያለው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ወደ እናንተ ልመለስ። የዓለም የጤና ድርጅት በዓለም ላይ 1.71 ቢሊዮን ገደማ ሰዎች የጡንቻና የአጥንት ችግር እንዳለባቸው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ይገልጻል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ እነዚህ ሕመሞች አሉበት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደኅንነቱና ጤናው የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር መድቦታል። የአውሮፓ አገሮች ስክሪን ላይ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛው እንዲገመገም፣ ሥራው በዕረፍት እንዲቆራረጥ፣ ዓይኑም እንዲመረመር አሠሪዎችን ማስገደድ የጀመሩት በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ መመሪያ ነው። የቅንጦት ጥያቄ አልጠየቅንም።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ነን። የሕብረተሰብ ጤና መምህራን አሉን፣ ፊዚዮቴራፒስቶች አሉን፣ ኢንጂነሮች አሉን። የገዛ ተማሪዎቻችንና ተመራማሪዎቻችን መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ፣ የት ነው የሚያማችሁ ብለው ይጠይቁናል፣ እኛም እንሞላለን። ጽሑፉ ይታተማል፣ «አስተዳደሩ ትኩረት ይስጥ» የሚል ምክረ ሐሳብ መጨረሻው ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ ግን እዚያው ነው! ጥናቱ ከተሠራበት ሕንፃ እስከ ፕሬዚዳንት ቢሮ ያለው መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ወረቀቱ ግን ያቺን መንገድ መሻገር አቅቶታል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄ ነው። ከሁሉም አስቀድሞ ጠይቁን። የኖርዲክ መጠይቅ የሚባል፣ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት አጭር ቅጽ አለ። ዘጠኝ የሰውነት ክፍሎችን እየጠቀሰ ባለፉት 12 ወራትና ባለፉት 7 ቀናት ያመመንን፣ ከሥራም ያገደንን ይጠይቃል። ስም ሳይጻፍበት ይሞላ፣ ውጤቱም በየክፍሉ ተለይቶ ይለጠፍ። የኮንትራት ሠራተኞችም ይካተቱበት፣ ያመኛል ቢሉ ውላቸው እንዳይታደስ ስለሚፈሩ ዝም ብለው የሚሠቃዩት እነሱ ናቸው። ነፍሰ ጡር ባልደረቦቻችን ደግሞ መጠይቅ እስኪሰበሰብ መጠበቅ የለባቸውም፣ ወንበራቸውም የሥራ ሰዓታቸውም ከወዲሁ ይታይ።

ከዚያ ያለ በጀት የሚሠራውን ወዲያው ሥሩ። የተበላሹት ወንበሮች ይጠገኑ፣ የማንም ያልሆኑት ወደሚያስፈልጋቸው ይዛወሩ፣ ስክሪኖች ከፍ ይበሉ፣ ማውዞች ይጠጉ፣ የዕረፍቱ ደብዳቤ ይውጣ። ይሄ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፣ ከንብረት ክፍል አንድ ሰው፣ ከፊዚዮቴራፒ አንድ ሰው ተመድበው በየቢሮው ቢዞሩ ያልቃል። ግዢውና የሲስተሙ ማሻሻያ ጊዜ እንደሚወስድ ይገባናል፣ እሱን በዕቅድ ያዙትና መቼ እንደሚሆን ንገሩን።

ለዚህ ጉዳይ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው ሰይሙ። ኮሚቴ ይቋቋም ከተባለም መዝገብ ክፍል፣ ፋይናንስና ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለው የሚተይቡ ሰዎች ይግቡበት፣ የክፍል ኃላፊዎች ብቻ አይሁኑ። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ከሚቀጥለው የውጤት ማስገቢያ ሰሞን በፊት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን። ከዚያ በፊት ግን ከእናንተ አንዳችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሬጅስትራር መጥታችሁ እስከ ምሳ ድረስ ከእኛ ጋር ብትቀመጡ ደስ ይለናል። ወንበር እንሰጣችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሬጅስትራር ክፍል የምሠራ ባልደረባችሁ